ቀይ ክር የሌለው ቡልኮ

ጋሽ አንጁሎ እግራቸውን የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ አስገብተው ተቀምጠው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ይልኩታል፤ ግራው ይቀበልና መልሶ ይልከዋል። በየመሐሉ ክሩን ወደ ሆዳቸው እየሳቡ ይመቱታል። ነጠላ ሲሠሩ ምቱ ቀለል ያለ ነው፤ ቡልኮ ሲሠሩ ግን ከበድ ይላል፣ መሬቱም ትንሽ ይሰማዋል። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ከአጥራቸው ማዶ ስለገባሁ፣ ከጓዳዬ ሳልወጣ በድምፁ ብቻ የሚሠሩትን አውቅ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ከዘመን መለወጫችን ከጊፋታ በኋላ የሰማሁት የቡልኮ ምት ነው።

ክር ሲበጠስባቸው አይበሳጩም። ሁለቱን ጫፍ በምራቃቸው ነካ አድርገው በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መሐል እያሹ ይገጥሙታል። ቋጠሮ አይወዱም። አንድ ቀን ክር ሲገጥሙ ቆሜ ሳይ፣ ቀና ብለው «ቋጠሮ የሰነፍ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አፍሬ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ እኔ የምፈትለው ክር ቋጠሮ ይበዛው ነበርና።

ያ ቡልኮ የአቶ ዳልጮ ነበር። አቶ ዳልጮ ሁምቦ ቆላ ጥጥ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ከጋሽ አንጁሎ ጋር የነበራቸው ውል ከአባቶቻቸው የመጣ ነው። ጥጥ ሲለቀም አቶ ዳልጮ በአህያ ጭነው ወደ እኛ ወደ ደጋው ያወጡታል። የጋሽ አንጁሎ ባለቤት እትዬ አስካለች ይዳምጡታል፣ ፍሬውን ያወጡለታል፣ በደጋን ነድፈው ያባዝቱታል፤ ከዚያ እሳቸውና እኔ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እንፈትላለን። ከሚሠራው ሸማ ግማሹ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ግማሹ ለጋሽ አንጁሎ ይቀራል። ዋስ የለ፣ ምስክር የለ። ሸማው ከወረደ ጥጡ ይወጣል፤ ካልወረደ አይወጣም። የዚያ ቤት እንጀራ በዚህ ላይ የቆመ ነበር።

በዚያ ዓመት አቶ ዳልጮ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። የሙሽራ አባት አማቾቹ ፊት ቡልኮ ሳይደርብ መቆም በእኛ አገር ነውር ነው። ጥጡን ያራገፉ ዕለት ቆጮና ዳጣ ቀርቦላቸው እየበሉ፣

«አንጁሎ፣ ጥጡ የእኔ ነው፣ እጁ ያንተ ነው። ሰርጉ ጥር ላይ ነው። ታኅሣሥ ሳያልቅ እጠብቅሃለሁ» አሉ።

«በሰው አልልከውም። ራሴ ይዤልህ እወርዳለሁ።»

«እንዳታሳፍረኝ ብቻ!»

«አንተን ካሳፈርኩህ ና፣ ይሄን ጉድጓድ አፈር ሙላበት!»

ሁለቱም ሳቁ። እትዬ አስካለች ግን «ምነው እንዲህ ያለ ነገር ይወራል?» ብለው ክፉው ቃል እንዳይይዝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጥቂት ውኃ ረጩ።

ስለ ገበያው መናገር አለብኝ። የእኛ ገበያ ከዳሞታ ተራራ በስተምሥራቅ ጋራው ላይ፣ ዋንዛ ሥር የሚቆም ትንሽ ገበያ ነው። ከሶዶ፣ ከሁምቦና ከበዴሳ ገበያዎች ጋር ሽማግሌዎች ያሰሩት የቆየ ቃል ኪዳን ነበረው። የአንዱ ቀን ከሌላው ቀን ጋር አይጋጭም። ጭነት የሚቀረጠው አንድ ጊዜ፣ በተነሣበት ገበያ ብቻ ነው። ከተቀረጠ በኋላ ቀራጩ ጭነቱ ላይ ቀይ ክር ያስራል፣ ከእሱ በቀር ማንም አያስረውም፤ ቀይ ክር ያለውን ቅቤ፣ ዝንጅብል ወይም ሸማ በሌላው ገበያ ማንም «ቁም» አይለውም። የአራቱም ገበያ ቀይ ክር የሚወጣው ከጋሽ አንጁሎ ቤት ነበር። ቀለሙን በሸክላ ድስት አፍልተው ክሩን ሲነክሩት እጃቸው እስከ አንጓቸው ይቀላል፣ ለብዙ ቀንም አይለቃቸውም። ገበያ ሲወጡ «የአራቱ ገበያ ማኅተም መጣ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የገበያችን ባላባት ግራዝማች ወልደመስቀል ይህን ቃል ኪዳን አይወዱትም። «የእኛ ቅቤና ዝንጅብል ወርዶ የሰው ገበያ ያደምቃል፤ ለእኛ የሚተርፈን የአህያ ፋንድያ ነው» ይሉ ነበር። ሐሰት ነው ማለት አልችልም፤ ገበያችን ከአራቱ ትንሿ ነበረች። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ እሑድ ሕዝቡ ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ግራዝማች ከውሉ እንውጣ አሉ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አቶ ኤርካሎ የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ተነሥተው፣

«ጌታዬ፣ ጥጥና ጨው ከየት ሊመጣልን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሲቸግራቸው ራሳቸው ተሸክመው ይመጣሉ! ያለ እኛ ቅቤ ጠጉራቸውን በምን ሊቀቡት ነው?»

«በውኃ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ኤርካሎም ሳይወዱ ፈገግ ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ ግራዝማች ክርክሩን ትተው ብድግ አሉና እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።

«ገበያችን ይስፋ!»

«አሜን!»

«ከብታችን ይርባ!»

«አሜን!»

«ከሰው ገበያ ገመድ እግዚአብሔር ይፍታን!»

«አሜን!»

በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አሜን አለማለት በራስ ላይ እርግማን መጥራት ነው። ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁላችንም አልን፤ እኔም በሴቶቹ በኩል ቆሜ ብያለሁ። ጋሽ አንጁሎ በደንብ ጮክ ብለው ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ዝም ያሉት አቶ ኤርካሎ ብቻ ናቸው። ግራዝማች እጃቸውን አጥፈው፣ «ሕዝቡ አሜን ብሏል፤ ነገሩ አልቋል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ኤርካሎ «የቆላ ሰላይ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ሲያልፉ ሰላምታቸውን የሚመልስ ጠፋ።

የመጀመሪያው ገበያ ደስ የሚል ነበር። ቀረጥ አልተጠየቀም፣ በሬም ታርዷል። ከዚያ ግራዝማች የገበያውን ቀን የበዴሳ ገበያ ወደሚውልበት ቀን አዛወሩት፤ ነጋዴው ምርጫ ሲያጣ ወደ እኛ ይመጣል ብለው አስበው ነው። ነጋዴው ግን በዴሳን መረጠ። የሦስቱ ገበያ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው ከጋራችን የሚወርድ ጭነት ቀይ ክር እንዳይታሰርለት፣ ወደ ቆላ ሲወረድ ያለውንም ወንዝ እንዳይሻገር ወሰኑ። ግራዝማች በበኩላቸው ተናደው፣ ያለ እሳቸው ፈቃድ ሸማ ከጋራው እንዳይወርድ አፋፉ ላይ ዘበኛ አቆሙ። እንግዲህ ከላይ የእኛ ዘበኛ፣ ከታች የእነሱ።

ቅቤያችን በኮባ እንደተጠቀለለ ሻገተ። ዝንጅብሉ ቤት ውስጥ አቆጠቆጠ። ጎደሬ ያለ ጨው እየቀቀልን በላን፤ ልጆች እንዲውጡት ተረት እናወራላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ሰው ከበታች ያለውን «አሜን ያልከው አንተ ነህ» ይለዋል፤ የታችኛውም የላይኛውን እንዲሁ። ለቅሶ ላይ እንኳ ለየብቻ መቀመጥ ተጀመረ። ጉልበት ያላቸው ወንዶች ወደ ሩቅ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ለሥራ ሄዱ፤ የእኔም ባለቤት ከእነሱ ጋር ሄደ።

በዚህ ሁሉ መካከል የቡልኮው ምት አላቋረጠም። ታኅሣሥ ሲገባ ቡልኮው ተጠናቀቀ። ጠርዙ ላይ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ነበረው፤ ስደባብሰው የበግ ለምድ ያህል ወፍራም ነው። ጋሽ አንጁሎ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ፈቃድ ሊጠይቁ ግራዝማች ዘንድ ሄዱ። እትዬ አስካለች አብረዋቸው ሄደው ስለነበር የተባለውን ነግረውኛል።

«ቡልኮህን ገበያችን ውስጥ ሽጠው፣ አንጁሎ» አሉ ግራዝማች በመልካም ፊት።

«የሚሸጥ አይደለም ጌታዬ። የዳልጮ ነው።»

«ዳልጮ ከፈለገ መጥቶ ይውሰድ።»

«እንዴት ይመጣል፣ ጌታዬ? ወንዙ ላይ…»

«አሜን ብለሃል እኮ፣ አንጁሎ።»

ጋሽ አንጁሎ መሬት መሬት እያዩ «ብያለሁ፣ ጌታዬ» አሉ። ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲሸኟቸው ለእትዬ አስካለች ጥቂት ጨው በቅጠል ሰጥተዋቸዋል።

በማግሥቱ ጋሽ አንጁሎ አንድ ነገር አሰቡ። ቡልኮውን እንደ ጭነት ሳይሆን እንደ ልብስ ለብሰው ሊወርዱ።

«በዚህ ፀሐይ? ሰው ምን ይላል?» አሉ እትዬ አስካለች።

«ወባ ይዞታል ይላል።»

የአፋፉ ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ ቡልኮ ለብሶ ሲያልፍ አላየም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ኬላው ላይ ያገኙት ዳና የሚባለውን ዘበኛ ነው። ዳናን ያውቁታል፤ የሰርጉን ጋቢ የሠሩለት እሳቸው ናቸው። ቀሪውን ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው፣ ዘግየት ብሎ፣ እየፈተልን ሳለ አጫወቱን።

«ምነው ጋሽ አንጁሎ፣ ድንጋዩ በሚግልበት ቀን ብርድ ያዘዎት?»

«ወባ ነው ልጄ። ያንቀጠቅጠኛል።»

«ሲያንቀጠቅጥዎት አላይም። ሲያልብዎት ነው የማየው።»

«እያላበ የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት ነው።»

ዳና ሳቀ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጣቸው፣ ውኃ በቅል ሰጣቸው። ከዚያ የቡልኮው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ዘርፍ በጣቱ አነሣ። ዘርፉ ገና አልተፈተለም፤ ሰው የሚለብሰው ቡልኮ ዘርፉ ሳይፈተል አይለበስም። የራሳቸውን ሥራ ልማድ ረስተው ነው የወረዱት፤ ዘርፍ የሚፈትሉት የሚለብሰው ሰው ቤት ደርሰው፣ በፊቱ ነበር።

«ይሄ የሌላ ሰው ነው» አለ ዳና ሳቁን ትቶ። «ቀይ ክር አለው?»

«ክሩን ያቀለምኩት እኔ ነኝ፣ ዳና! እጄን እየው!»

«አውቃለሁ። ክር ግን የለዎትም። እርስዎ ይለፉ፤ ሸማው አያልፍም።»

«ታዲያ አንተው አድርስልኝ።»

«ላድርስ ብል ነገ እዚህ አልቆምም። አምስት ልጅ አለኝ፣ ጋሼ።»

ጋሽ አንጁሎ ለብቻቸው ማለፍ ይችሉ ነበር። አቶ ዳልጮን አግኝተው የሆነውን መንገር ይችሉ ነበር። ነገር ግን ወደ ሰርግ ቤት፣ ያውም ቃል ሰጥቶ፣ ባዶ እጁን የሚገባ ሰው ለሙሽሮቹ ገድ የለውም ይባላል። «ለዳልጮ ተሠርቷል በልልኝ» አሉና ዳገቱን ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ በእውነት ያንቀጠቅጣቸው ነበር። እትዬ አስካለች ቡልኮውን ከላያቸው ላይ ወስደው ላቡን በነፋስ አደረቁት፤ አላጠቡትም፤ የሰው ዕቃ ነው ብለው በቃጫ አስረው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት።

ጥር መጣ። ሰርጉ ተሠርጎ አለፈ። አቶ ዳልጮ በተውሶ ጋቢ ቆመው ልጃቸውን ዳሩ ሲባል ሰማን። መልእክቱ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላወቅንም፤ ዳና ከዚያ ኬላ ወደ ሌላ ተዛውሮ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አህያ ጥጥ ይዛ አልወጣችም። እትዬ አስካለች ደጋኑን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እኔም እንዝርቴን አስቀመጥኩ።

ኋላ ግራዝማች ለእርቅ ሰው ላኩ ተባለ። ሦስቱ ገበያዎች «ግቡ፣ ነገር ግን እንደ አዲስ ገቢ፣ በየገበያው እየተቀረጣችሁ» አሉ። ግራዝማች ይህን ውርደት ነው ብለው እንቢ አሉ፤ ትንሽ ቆይተውም ሶዶ ወዳለው ቤታቸው ገቡና እዚያው ኖሩ። ሶዶ ጨው አይጠፋም። ዋንዛው ሥር ፍየል ይሰማራ ጀመር። ሰው ወደ አቶ ኤርካሎ ሄዶ ምን እናድርግ ሲላቸው፣ «እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ? እኔ አሜን አላልኩም፤ የምፈታው ነገር የለኝም» አሉ።

ጋሽ አንጁሎ የሰው እንሰት እየኮተኮቱ ኖሩ። አንድ ክረምት ጉድጓዱ ውኃ ሞላበት። ውኃው ሲጠፋ እሳቸው ራሳቸው አፈር በእጃቸው እየዘገኑ መለሱበት። እትዬ አስካለች በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ቡልኮውን ግን በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ ከምሰሶው አውርደው ፀሐይ ያሳዩታል፣ አይጥ እንዳልነካው ዳርና ዳሩን ያያሉ፣ ያጥፉታል፣ መልሰው በቃጫ ያስሩታል። «ዘንድሮ ሊወርዱ ነው ጋሼ?» ስላቸው «ወንዙ ሲከፈት» ይሉኛል።

በ1957 ዓ.ም. አረፉ። ሲገነዙ ከዘመዶቻቸው አንዱ ምሰሶውን አይቶ፣ «ይኸው ቡልኮ አይደለም እንዴ? እንዲህ ያለ እጅ የነበረው ሰው በአሮጌ ጋቢ ይቀበራል?» አለ። እትዬ አስካለች ተነሥተው ምሰሶው ሥር ቆሙ።

«የሰው ነው» አሉ። «ታኅሣሥ ሳያልቅ ሁምቦ ይዘውት ሊወርዱ ነበር።»

በአሮጌው ጋቢያቸው ተገነዙ። ቡልኮው ዘርፉ ሳይፈተል፣ በቃጫ እንደታሰረ፣ ምሰሶው ላይ ቀረ።