በጣቢያው ግቢ ያስሮጥኩት ሯጭ

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል በር ተከፍቶ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት እግሩን ነው። ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡት መሃል የአንደኛው ቁርጭምጭሚት አብጦ፣ ጫማው አልገባ ብሎት አጠገቡ አስቀምጦታል። ቀና ሲል አወቅሁት። ለዓመታት ያሠለጠንኩት የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር።

«ባርሲሳ» አለኝ። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ሲጠይቁኝ ስምዎን ተናገርኩ። ይቅር ይበሉኝ።»

ምን ብዬ ይቅር እለዋለሁ? ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ወጣ ብሎ ሲለማመድ የተያዘው ደረቱ ላይ በተገኘው ቀበቶ ነው። ቀበቶውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የልብ ምቱን እየቆጠረ ወደ እጅ ሰዓቴ ይልካል፤ ያንን እያየሁ ፍጥነት ጨምር፣ ቀንስ እለው ነበር። ፈታሾቹ የመገናኛ መሣሪያ መሰላቸው። ጊዜው ከከተማ ወጥቶ የሚሮጥ ሁሉ ጫካ የሚገባ የሚመስልበት ነበር። እግሩ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። በክፍሉ የነበረ ማንም አልጠየቀውም።

በማግስቱ መርማሪው ሁለታችንንም ወደ ግቢው አስወጣንና ቀበቶውንና ሰዓቱን ሰጠኝ።

«ልብ የሚቆጥር ከሆነ አሳየኝ።»

«እኔ ልሰረውና ልሩጥ።»

«የተገኘው እሱ ላይ ነው። እሱ ይሩጥ።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ካየ ይለቀናል ብዬ አሰብኩ። ሯጩም ፈገግ ብሎ «ሂን ያዳኢና፣ አያስቡ» አለኝ። ቀበቶውን እንዲቆጥር ውኃ አስነክቼ አሰርኩለት፤ ሰዓቱን እጄ ላይ አደረግሁ።

እያነከሰ በውኃ ሮቶው በኩል ዞረ። ቁጥሩ ከፍ ከፍ ሲል መርማሪው እጄ ላይ አጎነበሰ። «እውነትም!» አለና ፖሊሶቹን ጠራ። ነገሩ እዚያ ላይ ተረጋግጦ ነበር። መርማሪው ግን ደስ ብሎታል።

«ፈጠን ይበል!»

እኔም ሜዳ ላይ በለመድኩት ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ ፈጠን በል አልኩት። ታዘዘኝ።

የዚያን ሰው ገላ አውቀዋለሁ። ከጆሮው ጫፍ የደም ጠብታ እየወሰድኩ ድካሙን ስለካ ስለኖርኩ፣ ልቡ የቱ ጋ ሲደርስ ጡንቻው መዛል እንደሚጀምር አውቃለሁ። እዚያ የሚደርሰው ውድድር ላይ፣ አቀበት ሲወጣ ነበር። አሁን ግን ሽማግሌ በሚያዘግምበት ፍጥነት ደረሰበት። ሕመሙን ፊቱ ደበቀ፤ ሰዓቱ አልደበቀም።

ሰዓቱን ፈትቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«በቃ። ከዚህ በላይ አላስሮጠውም።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«አሠልጣኙ እኔ ነኝ።»

መርማሪው ሰዓቱን ከመሬት አነሳና «መልሷቸው» አለ። ሯጩ እንዲደገፈኝ ትከሻዬን ሰጠሁት። እሱ ግን ፖሊሶቹን አየና ብቻውን እስከ ክፍሉ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅን። እግሩ በደንብ አልዳነም፤ ውድድርም አልተመለሰም። ወዳጆቼ እግሩ ቀድሞውኑ ተጎድቶ ነበር ይሉኛል። ይሆናል። ፈጠን በል ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

አሁን በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ባጃጅ ይነዳል። አንዳንድ ቀን ያሳፍረኛል፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። መውረጃዬ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ሊጨብጠኝ እያነከሰ ዞሮ ይመጣል። ተቀመጥ እለዋለሁ። እሺ አይለኝም። እስኪደርስ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።