ገበናዬ ለምርጫ ሲፈለግ

ባለቤቴ ቡታጅራ ላይ ሌላ ሴትና ልጅ እንዳለው የነገሩኝ የገዛ እናቱ ናቸው። ክፋት አስበው አልነበረም። እንደ ወትሮው ለመስቀል ቸሃ ወረዳ እሳቸው ቤት ገብተናል። በሬው ታርዶ፣ ክትፎው በየጣባው ቀርቦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ እየተጫወተ ነው። እርጅና ያደከማቸው አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ፣ "የቡታጅራው ልጅ ቁርጥ አባቱን ነው፤ ግንባሩ እንኳ አልቀረው" አሉኝ። እኔን ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው። ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ቀና ስል ባለቤቴ ሰምቷል። ዓይኑን ግን አላነሳም። ለእንግዳ ጣባ ሲያቀብል ዋለና በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ጥሎን ሄደ። በመስቀል ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት እኛ አገር የለም።

እኔ ወልቂጤ የማስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለቤቴ የዞን ባለሥልጣን ነበር፤ ስሙ በየመድረኩ የሚጠራ፣ ሪባን የሚቆርጥ፣ በየልቅሶው ከፊት የሚቀመጥ ሰው። ያወቅሁትን ነገር መጀመሪያ የነገርኩት ለሚዜው ነው። በሰርጋችን ቀን እየጨፈረ ከእናቴ ቤት ያወጣኝ እሱ ነበር፤ በኋላ በሥራም የባለቤቴ ምክትል ሆነ። ስነግረው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አላምንም፣ እሱ እንዲህ አያደርግም" አለ። ከኔ ይልቅ እሱ የተጎዳ መስሎኝ አዘንኩለት።

ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ።

"የኔ እህት፣ ይሄ የቤት ገበና ነው" አለኝ። "እሱ ዛሬ የራሱ ብቻ አይደለም፣ የሕዝብ ሰው ነው። የሱ ስም ሲነሳ የሁላችንም ስም ይነሳል።"

"የኔስ ስም?"

"ያንቺማ ስም የሚጠበቀው ዝም ስትይ ነው።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ልጄ ትምህርቷን እስክትጨርስ ታገሺ ተባልኩ። ታገስኩ። ባለቤቴ ልብሱን ቀስ በቀስ አውጥቶ ሌላ ቤት ተከራየ፤ እኛም ለበዓልና ለሰው ዓይን ብቻ አብረን የምንታይ ባልና ሚስት ሆንን። አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ ለባለቤቴ የበላይ አለቆች አመለከትኩ። መልሱ ከከተማው ትምህርት ቤት ተነስቼ ከጉብሬ ወዲያ ወዳለ ገጠር መዛወር ሆነ። ዝውውሩን ያበሠረኝም ያው ሚዜ ነው። "አየር ብትለውጪ ላንቺም ጥሩ ነው" አለኝ።

በየቀኑ በሚኒባስ ጥግ ተጣብቄ ስመላለስ፣ ክረምት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሲውጠኝ፣ ያቺን ቃሉን አመነዥካት ነበር። አየር ብትለውጪ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ያዝኩ።

ዓመታት አልፈው ምርጫ ደረሰ። ባለቤቴ እጩ ሆኖ ቀረበ። ፎቶው በየባጃጁ መስታወት ላይ ተለጠፈ፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፈገግ ብሏል። ያንን ሸሚዝ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። ሚዜው ነው፤ አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሏል። በሽምግልና ከመጣ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ገብቶ ተቀመጠና ወለል ወለሉን እያየ፣ "ያንቺ በደል እንቅልፍ ነስቶኛል" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

ጥያቄዬን እንዳልሰማ አለፈው። "ብዙ ተሸክመሻል። አሁን ግን ሕዝቡ የሚመርጠውን ሰው ማወቅ አለበት። በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ የሚያዘጋጅ ልጅ አውቃለሁ። አንቺ በድምፅሽ የደረሰብሽን ብቻ ተናገሪ፤ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ማስረጃም አለ።"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ባለቤቴ የሀገር ባህል ልብስ ለብሶ፣ በነጭ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፎ ይስቃል። የሕፃኑ ክርስትና ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ልጅ አየሁት። አማቴ አልዋሹም፤ ግንባሩ የአባቱ ነው።

"መቼ ነው የሚወጣው?" አልኩት።

"በዚህ ሳምንት መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ እጩ መቀየር አይቻልም።"

"ከተቀየረ ማን ይተካዋል?"

ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱ እንግዲህ የድርጅቱ ውሳኔ ነው። እኔን የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ለሥልጣን ብዬ አይደለም።"

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔ ያለቀስኩባቸው ዓመታት ለእሱ በደል አልነበሩም። በደል የሆኑት ወንበሩ ሲቃረብ ነው። ዝም እንድል የነገረኝ አፍ ነው ዛሬ ተናገሪ የሚለኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ የኔ እህት እያለ።

ፎቶውን በድጋሚ አየሁት። በባለቤቴ ትከሻ ላይ የሌላ ሰው እጅ አርፏል፤ የእጁ ባለቤት ግን ተቆርጦ ወጥቷል። በእጁ ላይ ወፍራም ቢጫ ሰዓት አለ። ስልኩን ወደያዘው የሚዜው እጅ ዓይኔን መለስኩ። ሰዓቱ ያው ነው።

ሰዓቱን እንዳላየሁ ሆንኩ። "እስከ ማክሰኞ አስቤ እነግርሃለሁ" አልኩና ሸኘሁት። ብርቱካኑን ለጎረቤት ልጆች አደልኩት።

በማግስቱ ቡታጅራ ሄድኩ። ሚኒባሱ ተራራውን እየተጠማዘዘ አቋርጦ አወረደኝ። ሴትዮዋ የልጆች ልብስ እንደምትሸጥ ሰምቼ ስለነበር ገበያው አካባቢ ጠይቄ አገኘኋት። ከኔ በብዙ ታንሳለች። ጠባብ ሱቋ ውስጥ በትንንሽ ሹራቦች መሀል ቆማ፣ "ምን ልስጥዎት እትዬ?" አለችኝ።

ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። የያዘችው ሹራብ ከእጇ አልወደቀም፤ አጣጥፋ አስቀመጠችውና በርጩማ ሳበችልኝ።

"ተፋተናል ብሎኝ ነው" አለች። "ልጁ ከተወለደ በኋላ ነው እውነቱን ያወቅሁት። ያኔ ደግሞ የት ልሂድ?"

ልጠላት ነበር የሄድኩት። ጠልቻትም ነበር። ግን ከእሷ ይልቅ የምጠላው ሰው ስለነበረ ጥላቻዬን አላባከንኩባትም። የሚዜውን አመጣጥ፣ ፎቶውንና ዕቅዱን ነገርኳት። ፊቷ ቀስ እያለ አመድ መሰለ።

"የልጄን ፎቶ?" አለች።

"የልጅሽን ፎቶ።"

"እሱ እኮ የልጄ የክርስትና አባት ነው።"

ያኔ የሳበችልኝ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እፊቴ ራሱን ይዞ አላምንም ሲል፣ በሽማግሌ ፊት ታገሺ ሲለኝ፣ ቀድሞውኑ ያን ልጅ አቅፎ ከቤተ ክርስቲያን አውጥቶታል ማለት ነው። ባለቤቴ አሞኘኝ፤ ባል ሚስቱን ያሞኛል። ይሄኛው ግን በእንባዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ሙሉውን ፎቶ ፈለገች። ሚዜው ከባለቤቴ ጎን ቆሞ ጥርሱን ገልጧል፤ እጁ ትከሻው ላይ። "ይውሰዱት" አለችና በቴሌግራም ላከችልኝ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። የልጄ ፊት እንዳይታይ።"

"አይታይም" አልኳት።

ማክሰኞ ሚዜው ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቴን ታጥቤ፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ ስልኬን መስኮቱ ላይ አቆምኩና በራሴ ገጽ ለመልቀቅ ተናገርኩ። አላለቀስኩም። ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው፣ ቀስ ብዬ፣ በተራ ተናገርኩ። ባሌ ያደረገኝን አወራሁ። ከዚያ ዝም ያሰኘኝን ሰው አወራሁ፤ መቼ መጥቶ ምን እንዳለ፣ ዛሬ ምን ይዞ እንደመጣና ምን እንደፈለገ። ሙሉውን ፎቶ የልጁንና የእናቱን ፊት ሸፍኜ አብሬ ለቀቅሁት። የሁለቱን ሰዎች ፊት ግን አልሸፈንኩም።

ተማሪዎቼ ሳይቀሩ እንዳዩት በማግስቱ ከሳቃቸው አወቅሁ። በሚኒባስ ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ሂሳቤን ከፈለችልኝ። ሌላዋ ደግሞ እኔ እንድሰማት ጮክ ብላ፣ "የቤቷን ጉድ አደባባይ አውጥታ ምን ልታተርፍ ነው" አለች። 

መጀመሪያ የደወለው ሚዜው ነው።

"እኔ ምን አደረግሁሽ?" አለ። "ልረዳሽ ነው የመጣሁት። ስሜን አጠፋሽ።"

"ታገስ" አልኩት። "አየር ብትለውጥ ላንተም ጥሩ ነው።"

ያን ቃል ስናገር የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። ሰውነቴ ሁሉ ሞቀ።

ባለቤቴ ግን ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። አርጅቷል። "ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ምን ነበር?" አለ።

"ለአንተማ ስንት ጊዜ ነገርኩህ።"

"ከሱ ጋር ተባብረሽ መስሎኝ ነበር። የቪዲዮውን መጨረሻ ሳይ ነው እሱንም እንደጨረስሽው የገባኝ።" ሊስቅ ሞከረ። ጓደኛውም መውደቁ ትንሽ እንዳጽናናው ከፊቱ አየሁ። የሁለቱ ወዳጅነት እንዲህ ነበር።

ባለቤቴ በጤና ምክንያት ተብሎ ከእጩነት ወጣ። ሚዜው አልተካውም፤ ከሌላ ወረዳ ማንም የማያውቀው ሰው አመጡ። እሱም ተመረጠ። እኔ ፍርድ ቤት ገብቼ ፍቺዬን ጨረስኩ። ሆኖም ምንም ዋጋ አላስከፈለኝም አልልም። ልጄ ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር፤ ጓደኞቿ ቪዲዮውን እያሳዩ ሲንሾካሾኩባት ደውላ፣ "እማዬ፣ ለእኔ አንድ ቀን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ብዙ ጊዜ አላናገረችኝም። በኋላ አንድ እሑድ መጥታ፣ ምሳ በልታ ስታበቃ የልጁን ፎቶ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ያልተሸፈነውን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ "የኔም ግንባር እንደዚህ ነው አይደል?" አለች። 

ሰዎች ጸጸተሽ ወይ ይሉኛል። ይቅር በያቸው የሚሉኝም አሉ፤ በተለይ ያኔ ከሚዜው ጋር ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ባገኙኝ ቁጥር ይሉኛል። እኔም እሺ አባባ እላቸዋለሁ፤ እልፍ ሲሉ ግን እረሳዋለሁ።

በቅርቡ የአንድ የሥራ ባልደረባችን አባት ሞተው ልቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሚዜው በድንኳኑ አንድ ጥግ ተቀምጧል። ድሮ ሲገባ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳለት ነበር። ዛሬ ከግራውም ከቀኙም ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ዞሮ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ሌላ ቦታ አልፈለግሁም። ፊት ለፊቱ ሄጄ ተቀመጥኩ። ንፍሮ ሲታደል እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩና እያንዳንዷን ፍሬ ቀስ ብዬ እየበላሁ አየሁት። መሬት አየ። ስልኩን አየ። የድንኳኑን ጣሪያ አየ። በመጨረሻ ኮቱን ሰብስቦ ተነሳና ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

እኔ ንፍሮዬን ጨርሼ፣ ሐዘንተኞቹን እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብዬ፣ ቀን ሳለ ቤቴ ገባሁ።