በቅንጭብ አጥር በኩል የመጣው ፊደል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰብለ ትንሹን ልጇን እጁን ይዛ በማለዳ መጣችብኝ። ቢሮዋ እዚሁ ካዛንችስ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቅ ትላለች፤ የዚያን ዕለት ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። ልጁ በሚውልበት መዋዕለ ሕፃናት ኩፍኝ ገብቷል ተብሏል።

"እማማ፣ ልላከው ወይስ ላስቀረው? አባቱ 'ከትምህርቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ በቃ ይሂድ' ይለኛል። እኔ ደግሞ ማለቴ… እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

ልጁ ሹራቡን ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል። ይህንኑ ጥያቄ፣ በዚሁ ሰፈር፣ እናትና አባቴ ሲጣሉበት ሰምቼዋለሁ። ያኔ ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ነበር፤ እኔም ገና ጡት ያላወጣሁ ልጃገረድ ነበርኩ።

ቤታችን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው ቀጭን መንገድ ዳር ነው። ሰፈሩ እንደ ዛሬው በቤት አልተጨናነቀም። በየጓሮው ጎመንና ዱባ ይበቅላል፤ ግቢን ከግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነው። ቅንጭብ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ዓይን ያጠፋል እየተባልን ስላደግን አንነካውም። ድምፅ ግን እንደ ልቡ ያልፍበታል። የጎረቤት ሳቅም፣ ጠብም፣ ሳልም የጋራ ነበር።

አባቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ጣሊያኖቹ ከኛ ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ለሹሞቻቸው ቤት ያሠሩ ነበር፤ ካዛንችስ የሚለው ስም ራሱ ከነዚያ ቤቶች የመጣ ነው። አባቴም መዶሻውንና መሮውን በትከሻው አድርጎ በማለዳ ወደዚያ ይወጣል፣ ማታ ፀጉሩ በድንጋይ ብናኝ ነጥቶ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ፉርኖ ዳቦ በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣልናል። ስለ ሥራው ማውራት አይወድም። የምሰማው ይህችን ብቻ ነበር፦ "እኔ ለነሱ ድንጋይ እጠርባለሁ። ክንፈ ግን የአባቶቹን ፊደል ይቆጥራል።"

ክንፈ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያኔ የፊት ጥርሶቹ ገና መውለቃቸው ነበር። ቂርቆስ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር፣ የኔታ ዘንድ ይማራል። የኔታ ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ የሚጎትቱ ሽማግሌ ነበሩ። የልጆቹ ጩኸት ነፋሱ ሲመቸው እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። እኔን ማንም ትምህርት ቤት ትሂድ ብሎ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሴት ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ ሽሮ ትነፋለች። እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር።

በእኔና በክንፈ መካከል አልማዝ የምትባል እህት ነበረችን። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ትክትክ ወሰዳት። ትክትክ ክፉ ሳል ነው፤ ልጁ ይስላል፣ ይስላል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ እንደ ዶሮ ጩኸት ያለ ድምፅ አውጥቶ አየር ይስባል። ያንን ድምፅ የሰማ አይረሳውም። እናቴ ከዚያ ወዲህ በመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ ሲስል ሥራዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን በበልጉ ማለቂያ ክንፈ ከትምህርት ተመልሶ ቆሎ እየቆረጠመ፣ "ዛሬ አንድ ልጅ እየሳለ አስመለሰው፣ እንደ ዶሮ ጮኸ" አለ። እናቴ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ።

በማግስቱ ክንፈን ከቤት አላወጣችውም። አባቴ ማታ ሲሰማ እራቱን ገፋ።

"ልጁን ከትምህርት አስቀረሽው?"

"አዎ፣ አስቀረሁት። አንቱ የአልማዝን ጉሮሮ አልሰሙም፤ ሥራ ላይ ነበሩ። የሰማሁት እኔ ነኝ።"

"ሞት ከቤትም ይገባል። ጣሊያን አገሩን ይዞብናል። ፊደሉንም ከተውንለት ምን ቀረን?"

"ልጄ ይቀርልኛል!" አለች እናቴ። ባሏ ላይ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያንን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳው ዞረ።

የአጥር ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ትባላለች። ባሏ ማይጨው ዘምቶ ያልተመለሰ፣ መንገሻ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። እሷ ልጇን መላኳን አላቆመችም። "እግዜር ያመጣውን ቅንጭብ አይመልሰውም" ብላ ለእናቴ በአጥር በኩል ስትነግራት ሰማሁ። እናቴ፣ "ልጅሽ ነው፤ አንቺ ታውቂያለሽ" አለቻት። ጨውና እሳት የሚዋዋሱት ሁለት ሴቶች ከዚያ በኋላ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። ክንፈ ደግሞ በየማለዳው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ የጓደኞቹን ጩኸት እየሰማ ያለቅሳል።

ሳምንት ሳይሞላ የኔታ ራሳቸው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ወጥታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ግን ይግቡ አላለቻቸውም።

"ልጄን ምን አገኘብኝ ብዬ ነው" አሉ የኔታ።

"ደኅና ነው። አይቆጡኝ የኔታ፤ ትክትኩን ፈርቼ ነው። አንዷን ቀብሬያለሁ።"

"ፊደል ከተቋረጠ ይጠፋል፤ ልጅ ቶሎ ይረሳል።"

"ልጄ ከሞተ ፊደሉ ለማን ነው?"

የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ፣ "ልክ ነሽ። ልጅ ከሌለ ፊደሉ ለማን ነው" ብለው እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

በማግስቱ ከወይራው ሥር ምንም ድምፅ አልመጣም። ሰፈሩ ጭር አለ። እኔ ደጅ እጠርግ ነበር። ድንገት ከመንገዱ ላይ፣ ከላይ በኩል፣ የኔታ ድምፅ መጣ፦ "ሀ በሉ!"

ከመጀመሪያው አጥር ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ "ሀ!" አለች። ቀጥሎ ካለው ግቢ ሌላ። ከማዶ ደግሞ ሌላ። የኔታ ልጆቹን ሁሉ ወደየቤታቸው ሰድደው፣ እሳቸው መንገድ ለመንገድ እየሄዱ ሊያስተምሩ መጥተዋል! መጥረጊያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። አንድም ልጅ አይታይም፤ የሚታየው በባዶው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። ግን አጥሩ ሁሉ፣ ቅንጭቡ ሁሉ፣ "ሁ! ሂ! ሃ!" ይላል። ምድሪቱ ራሷ አፍ አውጥታ የምትቆጥር መሰለኝ። ክንፈ ከቤት እየሮጠ ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመና እስኪያልበው ድረስ ጮኸ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። መጀመሪያ ሁሉንም በአንድ ላይ ያስቆጥራሉ፤ ከዚያ በየአጥሩ እየቆሙ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርተው የደረሰበትን ይጠይቃሉ። ክንፈ ዓይኑ ከፊደል ገበታው ላይ ስለሚሸሽ እናቴ እኔን አጠገቡ አስቀመጠችኝ። እኔ ገበታውን ይዤ በስንደዶ ፊደሉን አንድ በአንድ እነካለሁ፣ እሱ ይጮሃል። ጣቴ ፊደሎቹን ከክንፈ ቀድሞ ማወቅ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ጠዋት የኔታ "ህ" ላይ እንደ ደረሱ ሁለት የጣሊያን ወታደሮች ከአንድ አስተርጓሚ ጋር ከታች ብቅ አሉ። የኔታ ዝም አሉ። መንገዱም ዝም አለ። በቅንጭቡ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ለመታሰር ጥፋት አያስፈልግም ነበር።

"አባ፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?" አለ አስተርጓሚው። "ወታደሮቹ፣ እርስዎ ለሽፍታ ምልክት ይሰጣሉ ብለው ነው።"

ክንፈ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ቁጥሩ ሳይሞላ መቅረቱ ብቻ ከነከነው። የኔታ መልስ ሳይሰጡ፣ የእናቴ እጅም አፉ ላይ ሳይደርስ "ሆ!" ብሎ ጮኸ። ከእትዬ ዘውዴ ግቢ መንገሻ "ሆ!" አለ። ከማዶ "ሆ!"፣ ከላይ "ሆ!" ሰፈሩ በሙሉ ተቀባበለው። አንደኛው ወታደር ጠመንጃውን ይዞ ዙሪያውን ሲዞር አየሁት። የሚተኩስበት ሰው ግን የለም።

"ልጆች ናቸው፣ ልጄ" አሉ የኔታ በለሰለሰ ድምፅ። "ትክትክ ገብቶ ቤት ዘግተን ነው። ፊደል ነው የምንቆጥረው።"

አስተርጓሚው ለአፍታ አያቸው። እሱም አንድ ወቅት ከዛፍ ሥር የቆጠረ ልጅ ነበር መሰለኝ። ወደ ወታደሮቹ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለ፤ ጉሮሮውን ይዞ እንደ መሳል አደረገ፤ እጁን ወደየቤቱ ዘረጋ። ወታደሮቹ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፈጠን ፈጠን እያሉ ወረዱ። የኔታ እስኪርቁ ጠበቁና፣ "ለ በሉ!" አሉ።

እናቴ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጋ እንኳ ትክትኩ ቤታችን ገባ። ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ክንፈ መሳል ሲጀምር እናቴ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ብቻ ድንጋይ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ ዘውዴ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ሳትጠራ ገባች። "ዘወር በይ፣ እኔ ልያዘው፤ አንቺ ደክመሻል" አለቻት እናቴን። ኩርፊያው በዚያ አለቀ። አባቴም ከሥራ ሲመለስ ብናኙን ሳያራግፍ ልጁን አቅፎ ያድራል፤ ስለ ትምህርት ቤት ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ክንፈ እንደተኛ የኔታ አጥራችን ጋ ቆመው ስሙን ጠሩ። እሱ ድምፅ የለውም። "መ በል" አሉ የኔታ። ዝምታው አላስችል ቢለኝ ገበታውን ይዤ ወጣሁና "መ" አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ማነሽ አንቺ?"

"እህቱ ነኝ፣ የኔታ። እሱ ታሟል።"

የኔታም፣ "ሙ" አሉ።

"ሙ" አልኩ።

"እስኪድን ቦታውን ያዢለት። ሲድንም አትልቀቂ።"

ክንፈ ዳነ። ክረምቱ ሲገባ አጥንቱ የወጣ፣ ግን የገብስ ሙቅ የሚጠጣ፣ የሚነጫነጭ ልጅ ሆኖ ተነሣ። ይሄኔ ትክትኩ መንገሻን ያዘው። አሁን ደግሞ እናቴ ማሩን ይዛ እዚያ ትውላለች። መንገሻ ከክንፈ ይበረታ ነበር፤ በሩጫም በፊደልም ይቀድመዋል። ሆኖም አልቻለውም። ዝናብ ሲዘንብ በዋለበት ቀን ቂርቆስ ቀበርነው። ከእትዬ ዘውዴ ቤት ለቅሶ እንኳ አይሰማም ነበር፤ ድምፅዋ አልቆ ነበር።

የኔታ በሐዘኑ ሰሞን አላስተማሩም። ሲመለሱ መንገዱ ጭቃ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቆጠሩ። ከዚያ የተለመደው የየአጥሩ ጉዞ ተጀመረ። እኔና እናቴ እርስ በርሳችን ተያየን፤ በእትዬ ዘውዴ በር በኩል እንዴት ሊያልፉ ነው? የኔታ በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቆባቸውን አወለቁ። ዝናብ ያካፋባቸዋል። የሚጠሩት ስም የለም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ቆዩና ለመሄድ መቋሚያቸውን አነሡ።

"የኔታ" አለ ከቅንጭቡ ውስጥ የሻከረ ድምፅ። እትዬ ዘውዴ ናት። "መንገሻ 'ተ' ላይ ነበር የቆመው። ከዚያ ይቀጥሉልኝ።"

እኒያ ሽማግሌ ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ። "ተ" አሉ።

"ተ" አለች። "ቱ። ቲ። ታ…" ለካስ እሷም በየማለዳው ከልጇ ኋላ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። "ቴ" ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት፤ ሳግ ያዛት። ያን ጊዜ አጠገቤ የቆመችው እናቴ፣ በሕይወቷ ፊደል ቆጥራ የማታውቀው እናቴ፣ ዓይኗን ጨፍና "ቴ!" አለች። ከማዶ ግቢ ሌላ ሴት "ት!" ብላ ተቀበለች። ከላይ በኩል ሌላዋ "ቶ!" የልጅ ድምፅ አልነበረም፤ እናቶች ነበሩ። ጎመን እየቀነጠሱ፣ ልብስ እያጠቡ፣ ማንም ሳያስተምራቸው የሰሙት ሁሉ ከየአጥሩ ወጣ። የኔታ በዝናቡ መካከል እንደ ቆሙ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ነበር፤ እንባውንና ዝናቡን መለየት አልተቻለኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ በየአጥሩ ሲቆሙ እናቶችንም በስማቸው ይጠሩ ጀመር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ልጆቹ ወደ ወይራው ሥር ተመለሱ። ክንፈ አድጎ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሆነ፤ ወልዶ ከብዶ አረፈ። እኔ የቀለም ትምህርት ቤት ገብቼ አስተማሪ ለመሆን በቃሁ። እትዬ ዘውዴ ውዳሴ ማርያሟን ራሷ እያነበበች ብዙ ዘመን ኖረች።

ይህንን ለሰብለ ስነግራት ረፈደባት፤ ቢሮዋን ደውላ አስፈቀደች። ልጁም በዚያው እኔ ጋ ዋለ። ነገም ታስቀረው ትላከው አላልኳትም፤ አላውቅማ። ያስቀረችው እናቴና የላከችው እትዬ ዘውዴ የሁለቱም ልጅ ታሟል፤ ለምን አንዱ ድኖ አንዱ እንደ ሞተ ይህን ያህል ኖሬም የነገረኝ የለም። የማውቀው ሁለቱም ልጃቸውን እኩል መውደዳቸውን ነው። ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ ግን፣ ያ ሁሉ ጦር ከተማውን ይዞ ሳለ፣ አንድ ልጇን በጭቃ ውስጥ ቀብራ የመጣች ሴት "ይቀጥሉልኝ" ለማለት ድምፁን ከየት እንዳገኘችው ነው።