ቅቤ የተቀባ ቅንድብ

ዛሬ አዘዞ ገበያ ውስጥ ለጋ ቅቤ ሸተተኝና አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በጃንሆይ ዘመን ቦክሰኛ ነበር፤ ቡጢ ቅንድቡን እንዳይሰነጥቀው እናቴ ቅቤ ትቀባው ነበር።

«ምነው፣ እንደ ጓደኞችህ አስመራ ሄደህ ብትጋጠም?» ስትለው፣ «እዚህ ብወድቅ የሚያነሳኝ አለ» ይላት ነበር። ከጎንደርና ከአዘዞ ወጥቶ ተጋጥሞ አያውቅም።

አንድ እሁድ ከአስመራ የመጣ ጎረምሳ በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። የአባቴን ስም እየጠራ ሲጨፍር የነበረው ያገራችን ሰው ፊቱን አዙሮ ተበተነ። እኔና እናቴ ሮጠን ስንደርስ፣ ጎረምሳው ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ተንበርክኮ አባቴን ደግፎ እያነሳው ነበር።

ቤት ገብተን እናቴ ደም የነካውን ቅቤ ከፊቱ ስትጠርግለት፣ «ማነው ያነሳኝ?» አላት።

እጇ ቆም አለ።

«ሰፈርተኛው ነዋ» አለችው።

«ልመዝንልሽ?» አለችኝ የገበያዋ ባለቅቤ። በጣቴ ጫፍ ቆንጥሬ ቅንድቤን ቀባሁ።