የሐይቁ ጎጆ ለማን ይድረስ

ቨርሊን ቱፍቴ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ በዱሉት ከተማ የበረዶ ሆኪ ዳኛ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ጠብ ሲገላግል ኖሮ የራሱ ትዳር ሲፈርስ አለማየቱን እያነሳ በራሱ ይስቃል።

ሚስቱ ማርሊስ አንድ ቀን እራት ላይ፣ "ቨርሊን፣ እንለያይ። ግን ሳንካሰስ ይሁን" አለችው።

"እሺ። እስቲ ድንቹን አቀብዪኝ" አላት።

ለሠላሳ ዓመት ትዳር የሰጠው መልስ ይኸው ነበር። ትዝ ባለው ቁጥር ራሱን በድንቹ መምታት ያምረዋል።

ማርሊስ ያሰበችው እንዲህ ነው፦ ሁለቱም የየራሳቸውን ጠበቃ ይዘው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ ፍርድ ቤት ላለመሄድ ይፈራረማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ ከከሰሰ ግን ሁለቱም ጠበቆች ጉዳዩን ለቀው ይወጣሉ። ቨርሊን ፈረመ። በልቡ ግን በየበጋው አብረው የሚከርሙበትን የሐይቅ ዳር ጎጆ ላይለቅ ምሎ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ንግግር ሲለማመድ ሰነበተ። ውሻው እንኳ ሰልችቶት ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር።

የስብሰባው ቀን ደርሶ ለመናገር ሲነሳ ንግግሩ ከነመግቢያው ጠፋበት። "ጎጆውን አልለቅም!" ብሎ ብቻ ቁጭ አለ።

የቨርሊን ጠበቃ ሶልቬግ ረጋ ብላ፣ "ጎጆው ላይ የሚወዱት ምኑን ነው?" አለችው።

ቨርሊን አሰበ። ትንኙ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ወገቡን የሚሰብረው አልጋ ትዝ አለው።

"እ... ማርሊስ ትወደዋለች" አለ።

"እኔ? ማን ነገረህ?" ማርሊስ ከወንበሯ ብድግ አለች። "አንተ ትወደዋለህ ብዬ አይደል እንዴ በየበጋው የትንኝ ቀለብ የሆንኩት!"

"ታዲያ አትናገሪም ነበር?"

"አንተስ አፍ የለህም?"

ጠበቆቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ማርሊስም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቨርሊን ሌላስ ስንት ነገር እንዲህ ዝም ተባብለው እንዳሳለፉ ሲያስብ ሆዱ ባባ። ጎጆው እንዲሸጥ ለመስማማት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

ሲወጡ ብርዱ የቨርሊንን መኪና ባትሪ ገድሎታል። ማርሊስ መኪናዋን አስጠግታ የሁለቱን ባትሪ በሽቦ አገናኝታ አስነሳችለት።

"ሾርባ ልጋብዝሽ?" አላት።

"አልፈልግም፣ ቨርሊን።"

እንዲህ ፊት ለፊት እምቢ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ቅር ሊለው ሲገባ ደስ አለው፤ ለምን ደስ እንዳለው ግን የገባው ቤቱ ሲደርስ ነው፦ ማርሊስ የልቧን ሳትደብቅ ነግራዋለች።