ያልደፈንኩት የትል ጉድጓድ

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለሚስቴም ለፓስተሬም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እዞረው ነበር። ዛሬ ለእናንተ ለምእመናኑ እጽፈዋለሁ፤ ገና ስጀምር ቀሎኛል።

ጋሽ ደምሴን ታውቋቸዋላችሁ፤ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ታቅፈው የሚቀመጡት። ከዘራውን ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ።

ሲያትል እንደመጣሁ ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋውን በአካፋ እየቆፈርን ለመንጠቆ የሚሆን ትል እንለቅማለን። ደንባቸው አንድ ነበር፤ ትሉን ያወጣ ጉድጓዱን ይደፍናል። ውሃ የሞላው ጉድጓድ ከላይ ሲያዩት ተራ ኩሬ ይመስላልና።

ያን ቀን ጠዋት ባሕሩ መመለስ ጀምሯል፤ እኔም ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ያለው መጋዘን ሥራ ልገባ ነው። የቆፈርኩት ጉልበት ያሰጥማል። ልድፈነው ወይስ ሌላ ቦታ ልሞክር? ትቼው ሌላ ልቆፍር ሄድኩ። ሰው ለትል ይስገበገባል? እኔ ተስገበገብኩ።

ጩኸት ሰምቼ ስዞር ጋሽ ደምሴ አንድ እግራቸው ጉድጓዴ ውስጥ ገብቶ ወድቀዋል። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል። ውሃው ሳይደርስብን አዝዬ ወደ መኪናዬ አወጣኋቸው። «ዓይኔ ነው ልጄ፣ አርጅቻለሁ» ሲሉ ዝም አልኩ።

ዝምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጄሶው እንደተፈታላቸው ለምስክርነት ቆመው «ጌታ ይህን ልጅ ባይልክልኝ ባሕር ወስዶኝ ነበር» አሉ። እናንተ አጨበጨባችሁ፣ እልል አላችሁ። እኔስ? ብድግ ብዬ «ክብር ለጌታ!» አልኩ። እኔ፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩት! ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል። እኔ ምሼ ሌላ ሰው ገባበት፤ ጭብጨባው ግን ለእኔ ሆነ።

እሳቸው ዓይናቸውን ማመን ትተው ባሕር ዳር መውረድ አቆሙ። አካፋቸውንም ለእኔ መርቀው ሰጡኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ አካፋ ቆፈርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አካፋውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሽ ደምሴ፣ የወደቁበትን ጉድጓድ ቆፍሬ ሳልደፍን የተውኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀና ብለው አዩኝ።

«ሶ፣ ስድስት ዓመት ዓይኔን በከንቱ ስወቅስ ኖሬያለሁ?»

«አዎ።»

«ተናድጃለሁ፤ አልዋሽህም።» አካፋውን ተቀበሉኝና በአውራ ጣታቸው ጫፉን ዳሰሱት። «ኦኬ። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ያጨበጨቡልህንስ ምን ልትላቸው ነው?»

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደስ የሚል ልቅሶ ነበር። እሑድ መድረክ ላይ ምላሴ እንዳይተሳሰር ይህን ጻፍኩ። ቸኩዬ ነበር አልልም፤ ጋሽ ደምሴም ያን ጠዋት ሥራ ነበራቸው፣ ግን የራሳቸውን ሁሉ ደፍነዋል። ይቅር በሉኝ።

በሚመጣው ቅዳሜ ባሕሩ ሲሸሽ ከጋሽ ደምሴ ጋር አብረን እንወርዳለን። እሳቸው ይቆፍራሉ፣ እኔ እደፍናለሁ።