የከንፈር ወሬ

ጭጋግ ባቡሩን ስለዋጠው፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሁሉ ያልተፈተለ የጥጥ ባዘቶ ይመስላል። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮ ኮቷ ላይ የምክር ቤት አባልነት ባጅ አድርጋለች። ዝም ስትል ጣቶቿ ጭኗ ላይ የሌለ ክር ይቋጥራሉ። ስታወራ ደግሞ ፉርጎው በሙሉ ይሰማታል።

"ስጮህብህ እንዳትቀየመኝ ልጄ፤ ጆሮዬን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ትቼው ነው የወጣሁት።"

በዚያ የማሽን ጩኸት ውስጥ ሠራተኞቹ የሚግባቡት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ እንደነበር አጫወተችኝ። "እኛ ዘንድ ሰው ከንፈርህን እያየ አፍህን በእጅህ ከሸፈንክ፣ በር እንደ ጠረቀምክበት ነው" አለች።

ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆመ። ከመስታወቱ ማዶ፣ ሽርጥ ያሸረጠች አሮጊት ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አለች። ሁለቱ ሴቶች ድምፅ ሳያወጡ ያወሩ ጀመር። ያ ሁሉ ጩኸት የት እንደገባ እንጃ። የሴትዮዋ ከንፈር በሕልም እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ ፊቷም የልጃገረድ ፊት ሆነ።

"አንድ ማሽን ላይ ነው ያረጀነው፤ እህቴ በላት" አለችኝ፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል። "ልጆቹ ደህና ናቸው ትላለች።"

አሮጊቷ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች። የሴትዮዋ ጣቶች መቋጠራቸውን ተዉ።

"ምክር ቤት ውስጥ ፋብሪካው ይዘጋ ሲባል አንቺም እጅሽን አወጣሽ እንዴ፣ ትለኛለች" አለች። ይህን ግን የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ እጇን አነሳች። ልትሰናበታት መስሎኝ ነበር፤ እጇ ግን ሄዶ አፏ ላይ አረፈ።